የበግ በረቱ ሙቀት

ሳሪሻት፣ ካዛክስታን
መስከረም 20

ሰው አገር ለቀረችው ዋርሳዬ ለማክፓል፤

አላህ ሰላሙን በደጅሽ፣ በረከቱን በማዕድሽ ያኑርልሽ። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሜዳው ቢጫ ሆኗል፣ ፈረሶቹ ሰብተዋል፣ እኔም እንደ ፈረሶቹ ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እህትሽ አልጋዋ ላይ ሆና «ውሸታም፣ አጥንቱ ገጥጦ ወጥቷል በላት» ስላለችኝ አርሜዋለሁ።

ጀርመኖቹ አሁንም ሥጋውን እንደ ወረቀት እያሳሱ ነው የሚያበሉሽ? ራውሻንን ልወስድ የመጣሁ ቀን ኮፍያዬን መንትፈሽ ጣሪያ ላይ ወርውረሽ «ካልከፈልክ እህቴን አታያትም» ያልሽው አልተረሳኝም። ያን ጊዜ ጥርስሽ እንኳ አልሞላም ነበር። ከፈልኩ፣ ኮፍያው ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ስልክ እያለ ለምን ትጽፋለህ እንዳትዪኝ። በስልክ የማወራውን ሁሉ እህትሽ ጆሮዋን አቁማ ትሰማለች። ደብዳቤሽን ግን ጮክ ብዬ ሳነብላት የማይነበበውን እዘላለሁ። ስለዚህ የልብሽን ጻፊልኝ።

ሳንባዋ ያው ነው። የከሰል ማበጠሪያው ላይ የጨረሰችው ዕድሜ ደረቷ ውስጥ ተቀምጧል። ከከተማው ሆስፒታል የኦክስጅን ማሽን ሰጥተውናል፤ ሶኬት ላይ ሲሰካ አየሩን አጣርቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይልካል። ቀኑን ሙሉ ያንኮራፋል። «ሁለት የሚያንኮራፋ ባል አገባሁ» ትላለች። እሱ ሲሠራ ግን ከንፈሯ ቀይ ይሆናል፣ ትቀልዳለች፣ ትሳደባለች። እሱ ሲቆም እሷም ዝም ትላለች።

አንድ ወሬ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የአይማናችን ባል አባት፣ ኦራዝባይ፣ መጣ። በግ ጣልን፣ ተጫወትን። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ «ካብደን፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነበር» አለ። እኔም እንደ ወጉ «ጠይቅ፣ ያንተ ነው» አልኩት። ልጅህን የሰጠኸው ሰው ሲለምን መጀመሪያ እሺ ይባላል፣ ምንነቱ በኋላ ይሰማል። ቡላውን ፈረሴን የሚለኝ መስሎኝ ነበር። በረቱን አለኝ! ከኮረብቶቹ ማዶ ያለውን፣ በጎቹን ከሸጥኩ ወዲህ አይጥ የሚያድርበትን። ሳቄ መጣ።

ለካ ሳጥኖች ሊያስቀምጥበት ነው። ቻይና ያባረረቻቸው ማሽኖች ናቸው አለ፤ ቀን ከሌት ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ሲቆጥሩ ገንዘብ ይሆናል። «ማነው የሚከፍላቸው?» ብዬ ብጠይቀው «ዓለም» አለኝ። ዓለም የሚባል ሰው እንደማላውቅ ነገርኩትና ሻይ ጠጣን።

ቱቦው ቶሎ ቶሎ ይደርቃል፤ እዚያ ካገኘሽ ላኪልን። ሌላ ምንም አንፈልግም።

ካብደን

ብሬመን፣ ጀርመን
ጥቅምት 8

ለተከበሩት ለጋሼ ካብደን፣ ለኮፍያ አልባው የእህቴ ባል፤

አላህ ጤናዎን ከነቀልድዎ ይጠብቅልኝ። እትዬ ራውሻንን ሁለቱን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ እርስዎ ማፈርዎን ትተው። ስለ ኮፍያው ግን አርፈው ይቀመጡ። እንደ እህቴ ያለችውን ሴት በአንድ አሮጌ ኮፍያ ወስደው አሁንም ይከራከሩኛል?

ቱቦዎቹን ልኬአለሁ፣ ከሥራቸው የሱፍ ካልሲ አለ። ለእርስዎ አይደለም።

አሁን የማይነበበውን ልጻፍ። ስለ ሳጥኖቹ ልጄን ኤዲክን ጠየቅሁት፤ እሱ የኮምፒውተር ነገር አይጠፋውም። የኢንተርኔት ገንዘብ የሚያመርቱ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንዱ ሳጥን ብቻ የአንድ ቤት መብራት ይበላል አለኝ። ጋሼ፣ በረትዎ ውስጥ ስንት ነው የደረደሩት? የእናንተ መብራት ከየት እንደሚመጣ ለእርስዎ አልነግርም፤ ከሰሉን ወደ ማቃጠያው ሲያመላልሱ የኖሩት እርስዎ ነዎት። እህቴን የጎዳው ያ ጭስና አመድ ነው። አሁን ደግሞ በገዛ በረትዎ በእጥፍ ይጨስባት?

እኔ እዚህ የማበራው ንጹሕ ነው፤ ከነፋስ የመጣ ለመሆኑ በየዓመቱ ማረጋገጫ ይልኩልኛል። ስለዚህ ሳልፈራ ልናገር፤ ኦራዝባይን ከነሳጥኑ ያባርሩት! ይሉኝታ ሳንባ አይሆንም። እርስዎ ካፈሩ ስልኩን ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ አላፍርም።

ማክፓል

ሳሪሻት
ኅዳር 2

ለማክፓል፣ ለኃይለኛዋ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ክረምቱ ይቅለልሽ። ቱቦው ደርሶናል፣ አላህ ይስጥልሽ። ካልሲውን እኔ አድርጌዋለሁ፤ እህትሽ ፈርዳልኛለች።

ኦራዝባይን አባር ያልሽውን ዘለልኩት። ዋርሳዬ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ያንተ ነው» ብያለሁ። ቃሌን ባጥፍ ኦራዝባይ ዝም ይል ይሆናል፤ ሚስቱ ግን ዝም አትልም፣ የምታርፈው ደግሞ በአይማን ላይ ነው። አይማን ስንት ዓመት ደጅ ጠንታ አሁን ነፍሰ ጡር ናት። በልጅነትሽ የምታዝያት ልጅ ናት፤ በአማቷ ቤት አንገቷን አስደፍቼ እንዴት እተኛለሁ?

መብራቱ መጥፋት ጀምሯል። በረቱ የራሱ ትራንስፎርመርና ውል ስላለው አይነካም፤ የሚቆረጠው መንደሩ ነው። ሲሄድ የስልኩ ማማም አብሮ ይሞታል። ያን ጊዜ ራውሻንን መኪና ውስጥ አስገብቼ ማሽኗን ከመኪናው ባትሪ ጋር አያይዛለሁ። «የት ነው የምትወስደኝ?» ትላለች። «ሽርሽር» እላታለሁ። ከግቢ ሳንወጣ ነው ሽርሽራችን።

ጡረታ የወጣሁ ጊዜ የከሰል ባቡሩ ቀንሶ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጉድጓዱ ሊዘጋ ነው ተባለ፣ ኮረብታው ላይ በነፋስ የሚዞሩትን ማማዎች ተከሉ፣ እኛም ፈረስ አርደን መረቅናቸው። ማማዎቹ ዛሬም ይዞራሉ። ኃይላቸው ግን ለውጭ ኩባንያ በወረቀት ተሽጧል አሉ፤ እሱም በዚያ ወረቀት ንጹሕ ነኝ ይላል። ለእኛ የቀረልን ከሰሉ ነው። ባቡሩ እኔ ስነዳው ከነበረው ይበልጥ ረዝሟል፤ ሲያልፍ ቆሜ ማየት ሰልችቶኝ ተቀመጥኩ። በረዶው ገና ከመውደቁ ግራጫ ነው። አንድ ቀን ይቀልጣል፣ በማግስቱ እንደ መስታወት ይደርቃል፤ ፈረሶቹ ሣሩን ቆፍረው ማውጣት አቅቷቸው ኮቴያቸው ይደማል። አባቴ እንዲህ ያለው ክረምት በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣ ይል ነበር። ይኸው ሦስተኛው ነው።

መብራት ኃይል ቢሮ ሄጄ ነበር። የተቀመጠችው ልጅ «አባባ፣ የሚቆረጠውን መንደር የሚመርጠው ኮምፒውተሩ ነው» አለችኝ። «እንግዲያው እሱን ጥሪልኝ» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ኦራዝባይ ሳጥኖቹ የእሱ አይደሉም፣ እሱ ጠባቂ ነው፤ ባለቤቶቹ በኮሪያም በጀርመንም ያሉ ሰዎች ናቸው። ኤዲክ እነዚህን ሰዎች በኢንተርኔት የሚያገኝበት ዘዴ ካለው ይጻፍላቸው። ወይም ለዋናው ከተማ አቤት በሉልን። እኔ ቃሌ አስሮኛል፤ እናንተን ያሰራችሁ የለም። ገንዘብ አትላኪ፤ ይህን ብቻ አድርጊልኝ።

ካብደን

ብሬመን
ታኅሣሥ 15

ለተከበሩ ጋሼ ካብደን፤

የአላህ ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ስለ ሳጥኖቹ ከኤዲክ ጋር ተነጋግረናል። ነገሩ መጀመሪያ እንዳሰብኩት ቀላል አይደለም። ብዙ ሰዎች ያላቸውን ጥሪት ያዋሉበት ነው፤ ድንገት ቢዘጋ የሚጎዳው ብዙ ነው። እስከ ፀደይ ቢታገሡ በራሱ ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል ይላሉ። እስከዚያው ለጄኔሬተር የሚሆን ገንዘብ ልኬአለሁ። በቤንዚን የሚሠራውን ይግዙ፣ ጥሩውን ዓይነት።

እትዬን ሰላም ይበሉልኝ። ስለ ኤዲክ ከጠየቀች ደህና ነው፣ አዲስ መኪና ገዝቷል።

ማክፓል

ሳሪሻት
ጥር 3

ለማክፓል፤

አላህ ቤትሽን በሰላም ይሙላው። ገንዘቡ ደርሷል፤ ጄኔሬተሩንም ገዝተናል። ሁለት ቀን ሠራ። ከዚያ ጭሱ እቤት እየገባ አሳላት፤ ወደ ውጭ ሳወጣው ብርዱ ገደለው። ይህን ለወቀሳ አልጻፍኩትም።

ደብዳቤሽን ሳነብላት የምዘለው አጣሁ። ቀልድ አልነበረበትም። ራውሻን «እህቴ ምን ሆና ነው?» አለችኝ። ምክንያቱን ከኦራዝባይ ጋር ስንጨዋወት ሰማሁ። ስለ መብራቱ ምርር ብዬ ባወራሁለት ጊዜ «አንተ ሰው፣ አርባው ሳጥን የሚስትህ እህት ልጅ ንብረት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ለካ ለኤዲክ የኦራዝባይን ስልክ የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ባለፈው ዓመት ለሠርግ ሲመጣ ከአማቾቻችን ጋር ያስተዋወቅሁት እኔ ነኝ። ለራውሻን አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው። ልጅ ነው፣ ቁጥር ነው ያየው እንጂ እሷን አላየም።

ስልክ ልደውልልሽ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ተመለስኩ። የምነግርሽ ነገር በአፍ አልወጣ አለኝ፤ በጽሑፍ ይሻላል። እህትሽ በረት ውስጥ ናት።

አትደንግጪ። መብራቱ ለሁለት ቀን ሲሄድብን የመኪናው ባትሪም አለቀ፤ ወደ ከተማ የሚወስደው መንገድ በበረዶ ተዘግቷል። ከንፈሯ ሲጠቁር ያየ ኦራዝባይ ነው «ወደ በረቱ እንውሰዳት» ያለው። አልጋዋን ራሱ ተሸከመ፤ በልቤ የረገምኩትን ያህል አፈርኩ። በረቱ ውስጥ በጋ ነው ማክፓል! ሳጥኖቹ የሚተፉት ሙቀት ቀሚስ ብቻ ያስለብሳል። ጩኸቱ ያደነቁራል፤ መብራቱ ግን ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። ማሽኗን ከእነሱ መስመር ላይ ሰካንላት። ይኸው ጉንጯ ቀልቷል። የመንደሩ አሮጊቶች ሹራባቸውን ይዘው እየመጡ ከበዋት ይውላሉ፤ እሷም መሐላቸው ተጋድማ እንደ ንግሥት ትፈርዳለች። ያሳመማት ጭስ ያመጣውን ሙቀት እየሞቀች ነው። ያሳመማት እሱ፣ የሚያስተነፍሳት እሱ።

ስለዚህ ያን ጊዜ የለመንኩሽን ተዪው። ለማንም አቤት አትበዪ። አሁን እኔ ራሴ በየሶላቴ ለሳጥኖቹ ዱዓ አደርጋለሁ፤ አየሽ የደረስኩበትን! መንገዱ እስኪከፈት፣ የከተማው ሆስፒታል አልጋ እስኪያገኝላት፣ አትንኩብን።

ደብዳቤውን ወደ ከተማ በበረዶ መንሸራተቻ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ።

ካብደን

ብሬመን
ጥር 5

ለጋሼ ካብደን፣ ለምወድዎ፣ ኮፍያዎን አሁን ልመልስልዎ ለተዘጋጀሁልዎ፤

አላህ የደስታ ቀን ያምጣልዎ፤ እኔስ አምጥቻለሁ። ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ ከእርስዎ ምንም አልደረሰኝም፤ ተቀይመውኝ እንደሆነ እውነትዎን ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእኔ ነው። ጋሼ፣ ከሳጥኖቹ አርባዎቹ የኤዲክ ናቸው። ይህን ሳውቅ ነው ያ እንደ እንጨት የደረቀ ደብዳቤ የተጻፈልዎ። አፍሬ ስልክ እንኳ መደወል አቃተኝ። ልጄ ያለውን ሁሉ ከቶበታል፤ እናት ነኝና ለአንድ ወር እህቴንና ልጄን ስመዝን ከረምኩ።

በመጨረሻ ቁጭ አድርጌ «አክስትህ መተንፈስ አቅቷታል» አልኩት። ስልኩን ከፈተና አንድ አረንጓዴ ቅጠል አሳየኝ። «እማ፣ የሚወጣውን ጭስ የሚያካክስ ዛፍ ይተከላል፣ እንከፍላለን» አለ። «የት ነው የሚተከለው?» ብዬ ብጠይቀው «ብራዚል ይመስለኛል» አለኝ። «እንግዲያው አክስትህ ብራዚል ሄዳ ትተንፍስ?» አልኩት። አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሆኖ ሲያለቅስ ባየሁት ጊዜ ነው የወሰንኩት።

እርስዎ አቤት በሉልኝ ብለውኝ አልነበር? አልኩልዎ! ለዋናው ከተማ በኢንተርኔት ጻፍኩ፤ በረቱ የቆመበትን ቦታ ካርታ ላይ ምልክት አድርጌ፣ በመንደሩ ውስጥ በኦክስጅን የምትኖር ሴት እንዳለች ጨምሬ። መልስ ለመስጠት ሦስት ቀን አልፈጀባቸውም፤ አመስግነውኝ፣ እንዲህ ያሉትን በየቦታው እየቆረጡ ስለሆነ የእናንተም በረት በዚህ ሳምንት ይቆረጣል አሉኝ። ኦራዝባይ ማን እንዳደረገው አያውቅም፤ ቃልዎ አልታጠፈ፣ አይማን አልተነካች።

እትዬን «እህትሽ ከሩቅ ሆና መብራት አመጣችልሽ» ይበሉልኝ። ይቺን ጮክ ብለው ያንብቡላት፣ ምንም አይዝለሉ።

ዋርሳዎ ማክፓል

ሳሪሻት
ጥር 28

ለማክፓል፤

የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ልብሽንም እሱ ይያዘው።

የጥር 5 ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አይማን በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት፣ ፀጉሯ እንደ ራውሻን ነው።

ሰዎቹ እንዳሉሽ አድርገዋል። ከከተማ ሆነው በኮምፒውተር ነው የቆረጡት፤ እዚህ ድረስ የመጣ ሰው የለም፣ በረቱ ውስጥ ማን እንዳለ የጠየቀም የለም። ያን ቀን ማዕበል ነበር፤ ከበረቱ እስከ ቤት መንገዱ አይታይም ነበር። አንቺ አላወቅሽም። ይህን መስመር ደጋግመሽ አንብቢው፤ አንቺ አላወቅሽም። ያን ጊዜ አቤት በይልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ኤዲክንም አንድ ቃል እንዳትናገሪው፣ በእህትሽ ይዤሻለሁ።

ሳጥኖቹን በመኪና ጭነው ወደ ሌላ የከሰል አገር ወስደዋቸዋል። ለመንደሩ መብራት መጥቷል፤ ቀንም ሌሊትም ይበራል። የኦክስጅን ማሽኑን ለሆስፒታሉ መልሰናል።

የቀረው በጽሑፍ አይሆንም። ሀምቡርግ ካሉት ያገራችን ሽማግሌዎች ሦስቱ አንቺ ዘንድ እንዲመጡ ተለምነዋል። ከሩቅ የሚመጡ ናቸው፤ ሳይበሉ አፋቸውን አይከፍቱም፣ አንቺም አትጠይቂያቸው። ሥጋ ቀቅዪላቸው። ኤዲክን ጠርተሽ አጠገብሽ አድርጊው፤ ብቻሽን አትሁኚ።

ካብደን

ብሬመን
የካቲት 11

ጋሼ፤

አላህ ይጠብቅዎ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

በረት ውስጥ እንዳለች የጻፉልኝ ደብዳቤ የደረሰኝ የእኔን ከላክሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ለዋናው ከተማ መልሼ ጻፍኩ፤ «ጥያቄዎ ተፈጽሟል፣ እናመሰግናለን» የሚል መጣልኝ። እንደገና ጻፍኩ፣ ያው መልስ እንደገና መጣ። ሰው አይደለም የሚመልሰው ጋሼ፣ ማሽን ነው። ለእርስዎም ደወልኩ፤ ሲጠራ ይሰማኛል፣ የሚያነሳው የለም። መብራት ከመጣ ስልኩም ይሠራል። ለምን እንደማያነሱት ማሰብ አልፈለግሁም።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፤ የእትዬን ሰላምታ ፈልጌ አጣሁት። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁ።

ሽማግሌዎቹም ዛሬ መጡ። ሦስቱም ሳሎን ተቀምጠዋል፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። አንዱ የአገራችንን ብርድ አነሳ፣ ሌላው የባቡሩን መዘግየት። ኤዲክ ሻይ እየቀዳላቸው ነው፤ ለምን እንደመጡ ግን አይጠይቅም። እኔ ወጥ ቤት ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ምድጃው አጠገብ ቆሜ ነው። እንዳሉኝ ሥጋ ጥጄአለሁ፤ ከቱርኩ ሉካንዳ የገዛሁት የበግ ሥጋ ነው። ሳይበሉ አይናገሩም ብለዋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አሁን ከሳሎን «ልጄ፣ አትድከሚ፣ እንዳለ ይበቃናል» ብለው ተጣሩ። «ገና ነው አባ፣ ጥሬ ነው» አልኳቸው።

ሥጋው ከአጥንቱ ከለቀቀ ቆይቷል ጋሼ። እኔ ውሃ እየጨመርኩበት ነው።